የደም ግፊት ሕክምናና የአረጋውያን መውደቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት ቀርቤ ስለ ደም ግፊት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ከምታውቁት ውጭ ምን ልናገር እችላለሁ ብዬ አመንትቼ ነበር። የግፊት መለኪያ ይዞ ያልዋለ፣ ቁጥሩንም በካርድ ላይ ያልጻፈ የጤና ባለሙያ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ ነገሩን ደጋግሜ ሳወጣና ሳወርድ፣ ዘወትር የምንሠራውን ሥራ ዘወትር በአንድ ዐይነት አኳኋን ብቻ ስለምንሠራው አንድ ትልቅ ነገር ሳናይ የምናልፍ መሆናችን ታየኝ። ይኸውም የበሽተኛውን ግፊት የምንለካው ተቀምጦ ሳለ ሲሆን፣ በሽተኛው የሚወድቀው ግን ቆሞ ሳለ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት በሥራ ላይ የደረሰብኝን አንድ ነገር ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ስሠራ፣ አንዲት የ74 ዓመት እናት ለክትትል ይመጡ ነበር። የስኳር በሽታም ነበረባቸው። በአንድ ቀን ተቀምጠው ስለካቸው ግፊታቸው 168 በ86 ሆኖ ተገኘ። አስቀድሞ አንድ መድኃኒት ይወስዱ ስለ ነበር፣ ሽንት የሚያሸና ሁለተኛ መድኃኒት ተጨመረላቸው። ሊወጡ ሲነሡ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ጥቂት ቆሙና፣ «የኔ ልጅ፣ ብድግ ስል እኮ ዓይኔን ጭልም ያደርገኛል» አሉኝ። በር ላይ የሚጠብቀው ሰልፍ ረጅም ነበር። «እማማ፣ ግፊቱ ነው፤ መድኃኒቱን ሲወስዱ ይለቅዎታል» ብዬ ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። ሁለተኛውን መድኃኒት ማታ ማታ ይወስዱት እንደ ነበር ከልጃቸው ሰማሁ፤ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ አልነገርኋቸውም ነበርና። ካርዳቸውን ሳገላብጥ የስድስት ዓመት ቁጥር በተርታ ተጽፎ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ቁጥር መካከል ቆመው የተለካ አንድም አልነበረም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ልጃቸው «የጣላት መድኃኒቱ ነው» በማለት ሁሉንም አስተዋቸው። ከአምስት ወር በኋላ ግፊታቸው 204 በ108 ደርሶ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ በምርኩዝና በሰው ድጋፍ ተመለሱ። እንግዲህ እኝህ እናት በመጀመሪያ ያለ ማስተዋል በተጨመረ፣ ቀጥሎም ያለ ማስተዋል በተቋረጠ መድኃኒት ምክንያት ሁለት ጊዜ ተጐዱ። ዛሬ የምናገረው ከእነዚህ ከሁለቱ ስሕተቶች እንዴት ልንርቅ እንደምንችል ነው።

ሰው ሲቆም በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነው

ሰው ከተጋደመበት ሲነሣ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆድ ዕቃው የደም ሥሮች ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ለጊዜው ይቀንሳል፤ ግፊቱም ዝቅ ማለት ይጀምራል። በአንገት ትልልቅ የደም ቧንቧዎችና ከልብ በሚወጣው ዋናው ቧንቧ ቅስት ላይ ያሉ ግፊትን የሚጠባበቁ ነርቮች ይህን ወዲያውኑ ያውቁና ወደ አንጐል መልእክት ይልካሉ። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ የደም ሥሮች ይኰማተራሉ፤ ግፊቱም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይስተካከላል። ጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም አይሰማውም።

ዕድሜ ሲገፋ ግን ይህ ሥርዓት ይደክማል። ቧንቧዎቹ ይደድራሉ፤ የልብ አመላለስ ይዘገያል፤ የጥም ስሜት ስለሚቀንስ አረጋዊው ውሃ ሳይጠጣ ይውላል። የስኳር በሽታ ነርቮቹን ሲጐዳ ችግሩ ይብሳል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር፣ ለብዙ ዓመታት ያልታከመ ከፍተኛ ግፊት ራሱ ቧንቧዎቹን እያደደረ ይህን የመከላከያ ሥርዓት የሚያበላሽ መሆኑ ነው። ስለሆነም ከፍተኛ ግፊትና በመቆም ጊዜ የሚመጣ የግፊት መውረድ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ። አንዱ መኖሩ ሌላው ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ይህ የግፊት መውረድ በሕክምና ጽሑፍ ከታወቀ አንድ መቶ ዓመት ሆኖታል። ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ብራድበሪና ኤግልስተን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በሦስት በሽተኞች ላይ ያዩትን ገልጸው ጽፈዋል። ዛሬ የምንሠራበት መለኪያ እንደሚከተለው ነው፦ አንድ ሰው ከተጋደመበት ተነሥቶ ከቆመ በኋላ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ላይኛው ቁጥር በ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ታችኛው ቁጥር በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ በመቆም ጊዜ የሚመጣ የግፊት መውረድ አለበት ይባላል።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት የዓለም የጤና ድርጅትን ግምት መመልከት ይበቃል። በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ለሞት በሚያበቃ አወዳደቅ ይበልጡን የሚጠቁትም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 28 እስከ 35 የሚሆኑት በየዓመቱ ይወድቃሉ። በእርግጥ የመውደቅ ምክንያት ግፊት ብቻ አይደለም፤ የዓይን መድከም፣ የእግር ጡንቻ መላላት፣ ጨለማና ሻካራ መሬትም ይጥላሉ። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ በእጃችን ባለ መሣሪያ በሦስት ደቂቃ ልንደርስበት የምንችለው ግፊቱን ነው።

ቁጥሩን ወሰድን፣ ማስቆሙን ተውን

ከባልደረቦቻችን መካከል አንዳንዶች፣ «እንግዲያስ በሽማግሌ ላይ ግፊትን አጥብቆ ማውረድ አያስፈልግም» ይሉ ይሆናል። ይህ አባባል በመረጃ የተደገፈ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ በታተመውና ሃይቬት በተባለው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,845 ሰዎች ተካፍለው ነበር። ግፊታቸውን ወደ 150 በ80 ለማድረስ መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በማናቸውም ምክንያት የመሞታቸው መጠን ከመቶ 21፣ በልብ ድካም የመያዛቸው መጠን ደግሞ ከመቶ 64 ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ስፕሪንት በተባለው የአሜሪካ ጥናትም፣ 50 ዓመት ከሞላቸው 9,361 ሰዎች መካከል ላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት፣ ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ የመሞታቸው መጠን ከመቶ 27 ያነሰ ሆኗል። የግፊት ከልክ በላይ መውረድና ራስን መሳት በመጀመሪያዎቹ ላይ በርክቷል፤ ጉዳት የሚያደርስ መውደቅ ግን አልጨመረም። ከዚያም ወዲህ ከ18,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸው አምስት ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ግፊትን ይበልጥ አጥብቆ ማከም በመቆም ጊዜ የሚመጣውን የግፊት መውረድ በጥቂቱ ቀነሰው እንጂ አላበዛውም።

ይህን ሰምተን «እንግዲያው እንጨምር» ብለን ከመነሣታችን በፊት፣ ጥናቶቹ የተሠሩበትን አኳኋን መመልከት ይገባናል። በስፕሪንት ጥናት ቆሞ ሲለካ ላይኛው ቁጥሩ ከ110 በታች የሆነ ሰው ከጥናቱ ውጭ እንዲሆን ተደርጓል። የስኳር በሽተኞችም አልተካፈሉበትም። በሃይቬትም እንዲሁ፣ ቆሞ ሲለካ ከ140 በታች የሆነ ሰው አልገባም። ይህም ማለት ሁለቱም መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት በሽተኛውን አስቁመው ለክተዋል። እኛ ከእነዚህ ጥናቶች የምንደርስበትን ቁጥር ወስደን፣ ቁጥሩን ደኅና ያደረገውን ማስቆም ግን ትተነዋል። እኝያ እናት በስኳር በሽታቸውም ሆነ በመቆም ጊዜ ግፊታቸው፣ ከእነዚያ ጥናቶች ውስጥ የማይገቡ ሰው ሳይሆኑ አልቀሩም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው። ለመውደቅ ይበልጥ የተጋለጡት ከ70 ዓመት በላይ ያሉት አባቶችና እናቶች በዚህ ቁጥር ውስጥ አለመግባታቸውን ልብ ይሏል። ከዚህ የተነሣ የመታከሙን ሥራ ማስፋፋት ግዴታችን ሲሆን፣ ስናስፋፋ ግን አስተዋይነትንም አብረን ማስፋፋት አለብን።

ቋንቋችንና ልማዳችን

በሽተኞቻችን የሚናገሩበት ቋንቋ ራሱ የሚያሳስት ነገር አለው። ሕዝባችን ከፍተኛ ግፊትን «ደም ብዛት» ይለዋል። ስለዚህም ብዙዎች በሽታው የደም መትረፍረፍ ይመስላቸዋል። የግፊት መውረድን ሲሰሙ ደግሞ «ደም ማነስ» ይሉታል፤ ደም ማነስ ግን ሌላ በሽታ ነው። «ግፊትዎ ሲቆሙ ይወርዳል» የተባለ አረጋዊ ደም ማነስ ይዞኛል ብሎ የግፊቱን መድኃኒት ትቶ ቀይ ሥርና ጉበት ሲፈልግ ይገኛል። ስለሆነም ለበሽተኛው ስናስረዳ «ግፊት ማለት የደሙ ብዛት ሳይሆን ደሙ ሲሄድ የሚገፋበት ኀይል ነው፤ ሲቀመጡ ይበረታል፣ ሲቆሙ ይደክማል» ብንል ይሻላል። ብዙዎች ደግሞ ማዞርን ለይተው አይነግሩንም። «ዓይኔን ጭልም አደረገኝ»፣ «ጭው አለብኝ»፣ «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚሉትን ቃላት እንደ ምልክት መዝግበን ልንይዛቸው ይገባል።

የአኗኗራችን ሥርዓትም የራሱ ጊዜያት አሉት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ የሚውሉ፣ ቅዳሴውን ቆመው የሚያስቀድሱ፣ በስቅለት ዕለት ከጧት ጀምሮ የሚሰግዱ አረጋውያን ብዙ ናቸው። በስግደት ጊዜ ዝቅ ብሎ ብድግ ማለት ለአንድ ግፊቱ በቶሎ ለማይስተካከል ሰው ከባድ ፈተና ነው፤ በተለይም ጧት ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ወስዶ ውሃ ያልጠጣ ከሆነ። በረመዳን የሚጾሙ ሙስሊም አረጋውያንም በቀኑ መጨረሻና በሌሊቱ ረጅም ሶላት በዚሁ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ። ከጾም በኋላ በሚመጣው ግብዣ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ከብዙ ምግብ በኋላ ደም ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚሰበሰብ፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ ጠላና ጠጅ ሲታከሉበት ይብሳል። በበዓል ቀን ከማዕድ ሲነሣ የወደቀ አባት ሁሉ በመጠጥ የወደቀ አይደለም።

በዚህ ረገድ የእኛ ድርሻ ሰውን ከእምነቱ ማጣላት ሳይሆን ጊዜውን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ከጾሙ መግቢያ በፊት ባለው ቀጠሮ፣ መድኃኒቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚወሰድና መጠኑ መቀነስ ይገባው እንደ ሆነ እንነጋገር። ክርስቲያኑ ከንስሐ አባቱ ጋር፣ ሙስሊሙም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር እንዲመክር እንንገረው፤ በሁለቱም ዘንድ ለታመመ ሰው ምሕረት አለና። በቅዳሴ ጊዜ መቋሚያን መደገፍና ሲደክም መቀመጥ፣ ቆሞም ሳለ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ ደምን ከእግር ወደ ልብ ለመመለስ ይረዳል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መለካቱ። በሽተኛው አምስት ደቂቃ ተጋድሞ ከቆየ በኋላ ግፊቱና የልብ ትርታው ይለካ። ከዚያም ይቁም፤ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ደቂቃ እንደገና ይለካ። የመጀመሪያው ደቂቃ መዝለል የለበትም፤ ከማዞርና ከመውደቅ ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው እርሱ ነውና። ክንዱ በልብ ትይዩ ተደግፎ መያዝ ይኖርበታል፤ ቁልቁል የተንጠለጠለ ክንድ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ መውረዱን ይሸሽገዋል። ላይኛው ቁጥር በብዙ ወርዶ ሳለ ትርታው ካልጨመረ፣ ነርቮቹ ተጐድተው ሊሆን ይችላልና የስኳር በሽታን እናስብ። በሽተኛው ሲቆም ሊወድቅ ስለሚችል ከኋላው ወንበር፣ ከጐኑም ሰው አይጥፋ። አልጋ በሌለበት ክፍል ከመቀመጥ ወደ መቆም መለካት ጭራሽ ካለመለካት ይሻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ሲለካ መውረዱ አነስ ብሎ ስለሚታይ፣ ከ20 ያነሰ መውረድም ሊናቅ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ለማን? ሰልፉን አውቀዋለሁ፤ ለሁሉም አድርጉ ብዬ የማይሆን ነገር አልመክርም። ዕድሜው 65 ለሞላ፣ የስኳር በሽታ ላለበት፣ ሁለትና ከዚያ በላይ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ፣ ላለፈው አንድ ዓመት ለወደቀ ወይም ስነሣ ያዞረኛል ለሚል፣ እንዲሁም መድኃኒት ሊጨመርለት ለታሰበ ሁሉ ይደረግ። በካርዱም ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ለተጋደመ «ጋ»፣ ለተቀመጠ «ተ»፣ ለቆመ «ቆ» ብለን ብንጽፍ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባልደረባ የምን ቁጥር እንደ ሆነ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ መውረዱ ሲገኝ። መጀመሪያ የምንመረምረው የግፊቱን ኪኒን ሳይሆን ሌላውን ሁሉ ነው። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የደም መፍሰስ ወይም የውሃ ማነስ አለ ወይ? ለሽንት መታገት የሚሰጡት እንደ ዶክሳዞሲን ያሉ መድኃኒቶች፣ ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለደረት ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ሁሉም ሲቆሙ ግፊትን ያወርዳሉ፤ በሽተኛው ግን «የግፊት መድኃኒት» ስለማይላቸው አይነግረንም። ስለዚህ የሚወስደውን ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ እንዘዘው። ሽንት የሚያሸናው መድኃኒት ጧት እንዲወሰድ እናድርግ። መቀነስ ያለበት ካለም አንድ በአንድ፣ ቀጠሮ እያሳጠርን እንቀንስ። በተለይ እንደ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎልና ክሎኒዲን ያሉትን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

አራተኛ፣ ለበሽተኛውና ለቤተ ሰቡ የምንሰጠው ምክር። ከመኝታ ሲነሡ በአልጋው ጫፍ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚታቸውን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ይቆዩ፤ ከዚያ የሚይዙት ነገር ይዘው ይቁሙ፤ ካልዞረባቸው ይራመዱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሁሉ፣ የቸኰለ አረጋዊም አጥንቱን ይሰብራል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት በሽታ ከሌለባቸው፣ ከመነሣታቸው በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቶሎ ቢጠጡ ለጥቂት ጊዜ ግፊቱን ደግፎ ይይዘዋል። መጸዳጃ ቤቱ ከቤት ውጭ በሆነበት፣ ሌሊት በአልጋ አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ፣ ወደ ደጅ የሚወስደውን መንገድም ማብራት ይበጃል። ቁጢጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ሲነሣ ይዞ የሚነሣበት እንጨት በግድግዳው ላይ ቢመታለት ወጪው ትንሽ ነው።

መደምደሚያ

ክቡራትና ክቡራን፣

እኝያ እናት ከተመለሱ በኋላ መድኃኒታቸው እንደገና ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ግን በአንድ መድኃኒት፣ በትንሽ መጠን ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱም በመጀመሪያ ተጋድመው፣ ቀጥሎም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው ይለኩ ነበር። የተጋደሙበት ቁጥር መጽሐፍ እንደሚያዘው ያህል ዝቅ አላለም። ሆኖም ከሁለት መቶው ርቆ ወረደ፤ ሲቆሙም ዓይናቸው መጨለሙን ተወ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ ሕክምና የተነገረ ይመስለኛል። የተሰበረው ዳሌ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ያን ልመልሰው አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለቀጠሮ ሲመጡ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ምርኩዛቸውን ተክለው ከወንበሩ ይነሡና ክንዳቸውን ይዘረጉልኝ ነበር። እርሳቸው ያስተማሩኝን ነው ዛሬ ለእናንተ ያቀረብሁት። ከነገ ጀምሮ በየክሊኒኮቻችን መድኃኒት ከመጨመራችን በፊት አረጋውያኑን አስነሥተን እንለካ፤ ዓይኔን ጭልም አደረገኝ ሲሉንም ሰልፉ ይጠብቀን።